ከመጠምጠም መማር ይቅደም

በረዶ የለበሰ ተራራ ለመውጣት የሚያስብ ጀማሪ ሥልጠናውን እንዴት ይምረጥ?

ተራራ መውጣት ሲባል የጎበዝ ወንዶች ሥራ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ዛሬም አልጠፉም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በሰሜን አሜሪካ በዋሽንግተን ስቴት የሚገኘውንና ዓመቱን ሙሉ በረዶ የማይለየውን የሬይኒየር ተራራ እስከ አናቱ የወጣችው የመጀመሪያዋ ሴት ፌይ ፉለር የተባለች የ20 ዓመት ወጣት አስተማሪ ነበረች። ይህም የሆነው በ1890 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1975 በኤቨረስት አናት ላይ የቆመችው የመጀመሪያዋ ሴት ጃፓናዊቷ ጁንኮ ታቤይም በዚያን ጊዜ የአንዲት ሕፃን ልጅ እናት ነበረች።

ሁለቱን ሴቶች ያነሣናቸው ሴት ልጅ ትችላለች ለማለት ብቻ አይደለም። ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ፌይ ፉለር ተራራውን ከመውጣቷ 3 ዓመት ቀደም ብላ እስከ ተራራው ጎን ደርሳ ተመልሳ ነበር። ጁንኮ ታቤይ ደግሞ ከተራራ ጋር የተዋወቀችው በ10 ዓመቷ ከትምህርት ቤት አስተማሪዋ ጋር ሲሆን፣ በ1969 የሴቶች የተራራ ክበብ አቋቁማ ከጓደኞቿ ጋር ለዓመታት ተለማምዳለች። ኤቨረስት ላይ የበረዶ ናዳ በድንኳኗ ውስጥ እንዳለች ቀብሯት፣ በአጃቢዎቹ ተቆፍራ ከወጣች በኋላ በ12ኛው ቀን ከአናቱ ለመድረስ የበቃችው ድፍረት ብቻ ስለ ነበራት አይደለም። የዓመታት ልምድ ከኋላዋ ስለ ነበረ ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

የዛሬውን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደሚታወቀው በሲያትል ከተማና በአካባቢዋ አያሌ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። ሰማዩ በጠራ ቀን፣ ከከተማይቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የሬይኒየር ተራራ ነጭ ጋቢ እንደ ደረበ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ይታያል። እዚያ ያደጉ ልጆችም ሆኑ እዚያ ተቀጥረው የሚሠሩ እናቶችና አባቶች ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር «እንውጣው» መባባላቸው አይቀርም። ምናልባት እርስዎ ራስዎ እዚያ ሆነው ይህንኑ እያሰቡ ይሆናል። ወይም አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ ልጅዎ ደውላ «እማዬ፣ በሐምሌ ተራራ ልወጣ ነው፤ አታስቢ፣ ቀላል ነው» ብላዎት እንቅልፍ አጥተው አድረው ይሆናል። ለሁለቱም የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። እርሱም ጥሩ ሥልጠና ከመጥፎው በምን እንደሚለይ ማወቅ ነው።

«ቀላል» የተባለው ተራራ

ተራራ ወጪዎች አንዳንዱን ተራራ «ቴክኒካል ያልሆነ» ይሉታል። ይህ ማለት ቀጥ ያለ ገደል በእጅ እየተንጠለጠሉ መውጣት ሳያስፈልግ፣ በእግር እየተራመዱ ከአናቱ የሚደረስበት መንገድ አለው ማለት ነው። 4,392 ሜትር ከፍታ ያለው ሬይኒየርና ከእርሱ በስተሰሜን ያለው 3,286 ሜትር ከፍታ ያለው ቤከር በተለመዱት መንገዶቻቸው ከዚህ ክፍል ይመደባሉ። ቃሉ ግን ያታልላል።

ነገሩን ከአገራችን ጋር አስተያይተው ይመልከቱት። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ከሬይኒየር ይበልጣል። ሆኖም ጥሩ ጉልበት ያለው ሰው ከመንገድ መሪ ጋር ሆኖ በተራ ጫማ ሊወጣው ይችላል። ራስ ዳሸን ላይ በጥንት ዘመን ግግር በረዶ የነበረ ቢሆንም ዛሬ ግን የለም። ሬይኒየር ላይ ከ25 በላይ ግግር በረዶዎች አሉ። ልዩነቱ ከከፍታው ሳይሆን ከእግር በታች ካለው ነገር ነው።

ግግር በረዶ ማለት ለብዙ ዘመን ሳይቀልጥ እየተከመረና እየተጠቀጠቀ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ በራሱ ክብደት የተነሣም እንደ ዘገየ ወንዝ ቁልቁል የሚንቀሳቀስ በረዶ ነው። ሲንቀሳቀስ ወጣ ገባ መሬት ላይ በደረሰ ጊዜ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት ሊኖረው ይችላል። በቀዝቃዛው ወራት የሚወርደው አዲስ በረዶ ደግሞ አፉን እንደ ክዳን ይሸፍነዋል። ላዩን ሲያዩት ደልዳላ ሜዳ ነው፤ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። ክዳኑ ሌሊት በቅዝቃዜው ይጠነክራል፤ ፀሐይ ሲመታው ይላላል። ተራራ ወጪዎች እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥተው በባትሪ ብርሃን የሚጓዙትም ረፋዱ ላይ ለመመለስ እንዲመቻቸው ነው።

ለዚህ አደጋ ዋናው መከላከያ ገመድ ነው። 3 ወይም 4 ሰዎች ከ10 እስከ 15 ሜትር ያህል ተራርቀው በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። አንዱ ወደ ስንጥቅ ቢገባ ሌሎቹ ወዲያውኑ ተጋድመው ይይዙታል፤ ከዚያም ገመዱን በረዶው ላይ አጥብቀው አስረው ያወጡታል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገመድ ብቻውን ማንንም አያድንም። የሚያድነው በሌላው ጫፍ የታሰረው ሰው እውቀት ነው። እርስዎ ሳይማሩ ቢታሰሩ አደጋው በእርስዎ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በፊትዎና በኋላዎ ያሉት ሰዎችም፣ ቤት የሚጠብቋቸው ልጆቻቸውም አብረው አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ ሥልጠና መምረጥ የራስን ፍላጎት የማሟላት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን አደራም ነው።

አራቱ የሥልጠና ዓይነቶች

በዚያ አካባቢ ለጀማሪዎች የሚሰጡት ሥልጠናዎች ስማቸው ብዙ ቢሆንም በ4 ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

1ኛ፤ የአንድ ቀን የበረዶ ትምህርት። በበረዶ ላይ አረማመድን፣ ሲያንሸራትት ራስን ማቆምንና የመሣሪያ አያያዝን ያስተምራል። ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ከሥራ ፈቃድ ሳይጠይቁ በዕረፍት ቀን ሊከታተሉት ይችላሉ። ነገሩ ይስማማኝ እንደ ሆነ ልይ ለሚል ሰው መልካም መግቢያ ነው። ግግር በረዶ ላይ ራስን ለመቻል ግን ፈጽሞ አይበቃም።

2ኛ፤ ከ2 እስከ 4 ቀን የሚፈጅ በመሪ የሚደረግ ጉዞ። ከነዚህ ቀናት አንዱ ወይም ግማሹ ለትምህርት ይውልና የቀረው ወደ አናቱ መውጣት ነው። ጊዜ ለሌለው ሠራተኛ ይመቻል። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ እዚህ የሚገዙት የመሪውን እውቀት ነው። ከተራራው ሲወርዱ እውቀቱ ከመሪው ጋር ይቀራል። አንዴ ወጥቼ ልይ ላለ ሰው ነውር የለበትም። ከዚህ ጉዞ በኋላ «እኔ አውቃለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ራሳችን እንውጣ» ብሎ ጓደኞችን መምራት ግን ትልቅ ስሕተት ነው።

3ኛ፤ የ5 ወይም የ6 ቀን ሙሉ ኮርስ። ተማሪዎቹ ግግር በረዶው ላይ ድንኳን ተክለው እየኖሩ ገመድ አጠቃቀምን፣ የመንገድ አመራረጥን፣ ከስንጥቅ ሰው ማውጣትን ይለማመዳሉ። በመጨረሻው ቀን አየሩ ከፈቀደ ተራራውን ይወጣሉ። የቤከር ተራራ ለዚህ ዓይነቱ ኮርስ በጣም የተለመደ ነው። ከፍታው ከሬይኒየር ስለሚያንስ ትንፋሽ ሳያሳጣ ያስተምራል፤ ግግር በረዶው ደግሞ ለትምህርት የሚሆን ስንጥቅ አያጣም። ዋጋው ከፍ ይላል፤ የአንድ ሳምንት የዓመት ፈቃድም ይወስዳል። ዕውቀቱ ግን ለራስ ይቀራል።

4ኛ፤ በክበብ የሚሰጥ ረጅም ትምህርት። በሲያትል በ1906 የተመሠረተው «ዘ ማውንቴነርስ» የተባለው ክበብ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ጀማሪዎችን ሲያስተምር ቆይቷል። በዓለም ዙሪያ ለተራራ ወጪዎች መማሪያ የሆነውንና በ1960 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውን ትልቅ መጽሐፍ ያዘጋጀውም ይኸው ክበብ ነው። በኦሬገን ስቴት የሚገኘው «ማዛማስ» ደግሞ በ1894 በሁድ ተራራ አናት ላይ የተመሠረተ ክበብ ነው። እንዲህ ባሉ ክበቦች የሚያስተምሩት በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ልምድ ያላቸው አባላት ናቸው። ትምህርቱ ምሽት ላይና በዕረፍት ቀናት ለብዙ ወራት ይዘልቃል። ክፍያው ከግል ድርጅት ኮርስ ዝቅ ያለ ነው። ከትምህርቱም በላይ አብሮ የሚወጣ ጓደኛ ያስገኛል።

ለሠራተኛ እናት የትኛው ይሻላል? መልሱ በጊዜዎ አኳኋን ይወሰናል። አንድ ሳምንት ሙሉ ልጆቹን የሚጠብቅልዎ ሰው ካለና ገንዘብ ማጠራቀም ከቻሉ የ6 ቀኑ ኮርስ በአንድ ጊዜ ይገላግላል። ሳምንት ሙሉ ከቤት መለየት ካልቻሉ ግን የክበቡ ትምህርት፣ ምንም እንኳ ወራት ቢፈጅ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ጥቂት ጥቂት እየተባለ የሚሄድ ስለ ሆነ ለቤተሰብ ይመቻል። ይሁን እንጂ ትምህርት ያመለጠው ተማሪ ልምምዱን በሌላ ቀን ማካካስ ይችል እንደ ሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ልጅ የታመመበት ቅዳሜ መምጣቱ አይቀርምና።

በእጅ ያልተሠራ ትምህርት

የማስታወቂያ ወረቀት ላይ ሁሉም «ሙሉ ሥልጠና እንሰጣለን» ይላል። እርስዎ መጠየቅ ያለብዎ በቃል የሚነገረውን ሳይሆን በገዛ እጅዎ የሚሠሩትን ነው። አንድ ጀማሪ ግግር በረዶ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ የሚከተሉትን ደጋግሞ መሥራት አለበት።

• የብረት ጥርስ ያለውን ክራምፖን ከጫማ ሥር አስሮ፣ ሱሪ ሳይጠልፍና ሳይሰናከል በዳገትና በቁልቁለት መራመድ፤

• ሲያንሸራትት በበረዶ መጥረቢያው ራስን ማቆም። ይህን በሆድ ብቻ ሳይሆን በጀርባና በጭንቅላት ወደ ታች ሲወርዱም ጭምር፣ ያውም ከታች አደጋ በሌለበት ቦታ መለማመድ ያስፈልጋል፤

• በገመድ መታሰርና ገመዱ እንዳይላላ፣ እንዳይጎትትም አድርጎ ከጓደኞች ጋር እኩል መራመድ፤

• የወደቀን ጓደኛ ይዞ ማቆም፣ በረዶው ውስጥ ብረት ቀብሮ ገመዱን ማሰር፣ ከዚያም ገመዱን በመዘውር መልክ አጥፎ በትንሽ ጉልበት መሳብ። በዚህ ዘዴ አንድ ሰው የጉልበቱን 3 እጥፍ ያህል ሊስብ ስለሚችል፣ ክብደቷ ትንሽ የሆነች ሴት ትልቅ ሰው ለማውጣት ትችላለች፤

• ራስ ስንጥቅ ውስጥ ቢገቡ በቀጭን ገመድ ቋጠሮ እየተረገጡ በራስ ኃይል መውጣት፤

• በካርታና በኮምፓስ ጉም ውስጥ መንገድ ማግኘት፤ የበረዶ ናዳ የሚመጣበትን ቁልቁለት መለየት።

የናዳው ጉዳይ ራሱን የቻለ ሰፊ ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ኮርስ ብቻውን 3 ቀን ያህል ይወስዳል። በክረምትና በጸደይ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ይህንንም ለብቻው ሊማር ይገባዋል።

ቋጠሮን በተመለከተ የምንጨምረው ምክር አለ። ቋጠሮ የሚለመደው ተራራ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ገዝተው ማታ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ እርስዎም ይቋጥሩ፣ ይፍቱ። ዓይንዎን ጨፍነው፣ በኋላም ወፍራም ጓንት አድርገው ይሞክሩት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ለተራራ ወጪ የተነገረ ይመስላል።

ከመክፈልዎ በፊት የሚጠይቁት

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አሠልጣኙን ድርጅት ወይም ክበብ መጠየቅ መብትዎ ነው። ጥሩ አሠልጣኝ በጥያቄ አይቆጣም።

አስተማሪዎቹ ምን ያህል ተምረዋል? በአሜሪካ ለተራራ መሪዎች ትምህርትና ፈተና የሚሰጥ፣ በ1979 የተቋቋመ የመሪዎች ማኅበር አለ። ከዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ድርጅቱ በማኅበሩ የታወቀ መሆኑና እርስዎን የሚመራው ሰው ራሱ ተፈትኖ ያለፈ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለቱንም ይጠይቁ። ከሐኪም ርቆ ለሚገኝ ሥፍራ የሚሰጠውን፣ 70 ወይም 80 ሰዓት ያህል የሚፈጀውን የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት መውሰዳቸውንም ይጨምሩበት።

ፈቃድ አላቸው? ሬይኒየር በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ስለሚገኝ ገንዘብ ተቀብሎ ሰው መምራት የሚችለው ፓርኩ ፈቃድ የሰጠው ብቻ ነው። በወዳጅነት ስም ገንዘብ ሰብስቦ «እኔ አወጣችኋለሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ ይራቁት።

ለአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይመደባል? ወደ ሬይኒየር አናት በሚደረግ ጉዞ ለአንድ መሪ 2 ሰው፣ ቤከር ላይ ደግሞ 3 ሰው መመደብ የተለመደ ነው። በትምህርት ቀናት ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። አንድ ሰው ብቻውን 8 እና 10 ጀማሪ ይዞ ግግር በረዶ ላይ የሚወጣ ከሆነ ግን ያ ሥልጠና ሳይሆን ቁማር ነው።

ከስንቱ ቀን ስንቱ ለትምህርት፣ ስንቱ ለመውጣት ይውላል? አየሩ ቢበላሽስ? ጥሩ ኮርስ አናቱ ባይደረስም ትምህርቱ እንዳይጎድል ሆኖ የተዘጋጀ ነው።

ቋንቋም አይረሳ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ነፋስ በሚያፏጭበት ቦታ፣ በሌሊት፣ ከ15 ሜትር ርቀት የሚጮኸው ትእዛዝ ባይገባዎ አደጋ ነው። እንግሊዝኛዎ ያልጠነከረ ከሆነ ሳያፍሩ አስቀድመው ይናገሩ። «ቁም»፣ «ሂድ»፣ «ወደቅሁ» ለሚሉት ምን ምን እንደሚባል በቃልዎ ይያዙ።

ዕቃውና ልብሱ

ጀማሪ ሁሉን ዕቃ መግዛት የለበትም። የበረዶ መጥረቢያ፣ ክራምፖን፣ የራስ ቁርና በወገብና በጭን የሚታሰረው መታጠቂያ በኪራይ ይገኛሉ። ገንዘብዎን አስቀድመው የሚያውሉበት ጫማው ላይ ይሁን። እግርዎ ያልለመደው ጫማ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ተረከዝዎን ይልጠዋል። ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት ካሰቡ ብረቱን አገላብጦ አይቶ መግዛት ይቻላል። ታሪኩን የማያውቁትን ያገለገለ ገመድና መታጠቂያ ግን በነፃ ቢሰጥዎም አይቀበሉ፤ በጊዜ ብዛትና በፀሐይ ውስጡ ያለቀ ክር ላዩን ደህና መስሎ ይታያልና።

ሲከራዩ ለሴት አካል የተሰፋ ሻንጣና መታጠቂያ እንዳለ ይጠይቁ። ለወንድ ተብሎ የተሠራ የጀርባ ሻንጣ ሸክሙን በዳሌ ላይ ማሳረፍ ሲገባው ትከሻ ላይ ይጥለዋል። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ለሚመዝን ሸክም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥጥ አይልበሱ። ጋቢያችንም ሆነ የጥጥ ሹራብ ደረቅ እያለ ያሞቃል፤ በላብ ወይም በበረዶ ከራሰ ግን ሙቀትን ከአካል ይሰርቃል። ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሻላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር ከመቶ 10 ያህል እጅ ይጨምራል፤ አዲስ በረዶ ደግሞ እስከ 80 እጁን መልሶ ወደ ፊት ይረጨዋል። ስለዚህ ጥቁር መነጽር ያለ ማወላወል ያስፈልጋል። ቆዳችን ጠይም ነው ተብሎም ቅባት አይተው፤ ከአገጭና ከአፍንጫ ሥር ሳይቀር ይቀቡ።

ለስንቅ ብዙ መጨነቅ አያሻም። ቆሎ፣ በሶና ኦቾሎኒ ቀላልና ኃይል ሰጪ በመሆናቸው ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እየበሉ ውኃ መጠጣት ይገባል።

የሴት አካል፣ የሴት ጤና

በማስታወቂያዎቹ ላይ የማይጻፍ፣ ሴቶች ግን ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ሬይኒየር ላይ ማንኛውም ተራራ ወጪ ዓይነ ምድሩን በተሰጠው ከረጢት ይዞ ይወርዳል። የወር አበባ መጠበቂያም እንዲሁ ይዞ የሚወረድ ነው። በገመድ ታስሮ፣ ከወንዶች ጋር ሆኖ፣ ሽንት መሽናት ራሱ ዘዴ ይፈልጋል። ብዙ ሴቶች በማፈር ውኃ መጠጣት ይቀንሳሉ፤ ይህ ደግሞ ራስ ምታትንና ድካምን ያብሳል። አስተማሪው ይህን ጉዳይ በግልጽ፣ ያለ ሳቅ የሚያስረዳ ከሆነ ጥሩ አስተማሪ ለመሆኑ አንድ ምልክት ነው። ሴት አስተማሪ እንዳለች መጠየቅም አያሳፍርም።

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርቡ የወለደች፣ የደም ማነስ ወይም የልብና የሳንባ ሕመም ያለባት ሴት ከመመዝገቧ በፊት ሐኪም ታማክር።

ስለ ከፍታም እንዲህ ነው። ሬይኒየር አናት ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 60 እጅ ያህል ብቻ ነው። «እኔ አዲስ አበባ ያደግሁ፣ የደጋ ሰው ነኝ» ብሎ መመካት አይገባም። ሲያትል በባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ ለዓመታት የኖረ ሰው አካሉ የለመደውን ከፍታ ይረሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። ሰውዬው መንገዳገድ፣ መቀባዠር ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ማጠር ከጀመረው ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። መድኃኒቱ ወዲያው ወደ ታች መውረድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር በሐኪሞች ይመከራል። ሬይኒየር በሁለትና በሦስት ቀን የሚወጣ ስለ ሆነ ይህ ደንብ አይጠበቅም፤ ብዙ ሰው የሚታመመውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት የሚጨምረው የጉዞ መርሐ ግብር፣ ጥቂት ቢወደድም፣ ለጀማሪ ይሻላል።

ጉልበትን በሚመለከት፣ ከፓራዳይዝ ተነሥቶ 3,105 ሜትር ላይ እስካለው የሙር ሠፈር ድረስ የመጀመሪያው ቀን ዳገት ብቻውን ከ1,400 ሜትር ይበልጣል። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ከአናቱ እስከ መኪናው ከ2,700 ሜትር በላይ ይወረዳል። ለዚህ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ወር መዘጋጀት ያስፈልጋል። ልዩ ስፖርት ቤት መግባት ግድ አይደለም። የመሥሪያ ቤትዎን ደረጃ በአሳንሰር ፋንታ በእግር ይውጡ። በዕረፍት ቀን ውኃ የሞላ ጠርሙስ በሻንጣ ተሸክመው ዳገት ይውጡና ላይ ሲደርሱ ውኃውን አፍስሰው ባዶውን ይውረዱ፤ ጉልበትዎ መገጣጠሚያው እንዳይጎዳ ይረዳዎታል። በሲያትል አቅራቢያ ያለው የሳይ ተራራ ከ900 ሜትር በላይ ዳገት ስላለው ብዙ ሰው የሚለማመደው እዚያ ነው።

በደረጃ መሄድ

ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ወዲያው ወደ ትልቁ አይሮጡ። በ1980 የፈነዳው የሴይንት ሄለንስ ተራራ 2,549 ሜትር ሲሆን ለመጀመሪያ ልምምድ ይመቻል። ቀጥሎ 3,743 ሜትር ያለው የአዳምስ ተራራ የደቡብ መንገዱ ረጅም በረዶ እንጂ ስንጥቅ የሚያሰጋው ስላልሆነ ጉልበትንና ከፍታን ይፈትናል። ከዚያ ቤከር የገመድን ሥራ ያስተምራል። ሬይኒየር የመጨረሻው ይሁን። ከ10,000 ጫማ በላይ ወይም ግግር በረዶ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ፓርኩ ዘንድ መመዝገብና መክፈል አለበት፤ ብቻውን ለመውጣትም ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል።

መመለስን የሚያስተምር አስተማሪ

ሬይኒየርን ለመውጣት በዓመት 10,000 ያህል ሰዎች ይሞክራሉ። ከአናቱ የሚደርሱት ግማሽ ያህሉ ናቸው። የቀሩት የከሸፉ አይደሉም፤ ብዙዎቹ አየሩን አይተው፣ ወይም የጓደኛቸውን ድካም አይተው በጊዜ የተመለሱ ብልሆች ናቸው።

ሰኔ 21 ቀን 1981 በዚሁ ተራራ ላይ ኢንግራሃም በተባለው ግግር በረዶ ከላይ የተገመሰ በረዶ ወርዶ 11 ሰዎችን ቀብሮ ገድሏል። ከሟቾቹ አንዱ መሪ ሲሆን 10ሩ አብረውት የወጡ ሰዎች ነበሩ። ይህን የምንነግርዎ ለማስፈራራት አይደለም። ጥሩ መሪ ይዞም አደጋው ፈጽሞ እንደማይጠፋ፣ ሥልጠና አደጋውን የሚቀንስ እንጂ የሚያስቀር እንዳልሆነ እንዲያውቁ ነው። «እኛ ጋ ምንም አደጋ የለም» የሚል አሠልጣኝ ቢያገኙ ዕወቁኝ ብሏልና ወደ ሌላ ይሂዱ። «ከአናቱ እናደርስዎታለን» ብሎ ቃል የሚገባም እንዲሁ ነው። ታማኝ አሠልጣኝ ቃል የሚገባው ለትምህርቱ ነው።

ለእናቶች

ልጅዎ ሩቅ አገር ሆና እንዲህ ያለ ሐሳብ ብታነሣ «ተዪው!» ብሎ መቆጣት ብዙ አይጠቅምም። ልጅ የተከለከለችውን ደብቃ ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚጠይቃት የለም። ይልቅ በረጋ አነጋገር እነዚህን 5 ጥያቄዎች ይጠይቋት።

ማን ያስተምርሻል፣ ማንስ ፈተነው?

ስንት ሆናችሁ ለአንድ አስተማሪ ትመደባላችሁ?

ጓደኛሽ ስንጥቅ ውስጥ ብትገባ በእጅሽ ምን ታደርጊያለሽ?

ወደ አናቱ ብትደርሱም ባትደርሱም የምትመለሱበት ሰዓት ስንት ነው?

በቀጠሮሽ ሰዓት ባትደውዪ ማን ያውቃል፣ ለማንስ ያስታውቃል?

ለሦስተኛው ጥያቄ «መሪው ያውቃል» ብላ ከመለሰችልዎ ገና አልተማረችም ማለት ነው፤ ከመሪዋ ሳትለይ ትሂድ፣ ወይም ትማርና ትውጣ። «ተጋድሜ እይዛታለሁ፣ ብረቱን ቀብሬ ገመዱን አስራለሁ፣ ከዚያ…» ብላ በዝርዝር ከነገረችዎ ግን መርቀው ይሸኟት። ተራራው አይሄድም፤ ዘንድሮ ባይወጣ ለከርሞ ይቆያል።